አራተኛው ኢምፓላ

ይህን ታሪክ ሌሎች ሲያወሩት እኔን ጠመንጃ የያዘ አንድ ሽማግሌ ብቻ ያደርጉኛል። ያናድደኛል። ስለዚህ ከነገሩ በፊት ማን እንደነበርኩ ላስቀምጥ።

ትምህርት ቤት የረገጥኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ሰው የለም። ቤታችን የሚነገረው ሃዲይኛ ነበር፤ አማርኛን የለቀምኩት ገበያ ላይ ጨው ስሸጥ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ማመልከቻ ማስጻፍ ሲፈልጉ የኔን በር ያንኳኳሉ። እንግሊዝኛን ከሳሙና ካርቶንና ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ አነበብኩ። ዙሉን ያስተማሩኝ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ውስጥ፣ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቄ መስኮት ዳቦ የሚገዙ ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ ስሳሳት ይስቁብኝ ነበር፤ ቆይቼ እኔው በቋንቋቸው እየቀለድኩ አስቃቸው ጀመር። ፍሪጅ መጠገን፣ መኪና መንዳት፣ የግብር ቅጽ መሙላት፣ በሬ ማወራረድ፣ ሁሉንም በራሴ።

ጠመንጃውም እንዲሁ ነው። እዚህ አገር የአደን ጠመንጃ በገንዘብ ብቻ አይገኝም፤ የጽሑፍም የተኩስም ፈተና አለው። ፈተናው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣ። እኔ በመጀመሪያው አለፍኩ። ፈቃዱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ጠመንጃው ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ በብሎን በታሰረ የብረት ካዝና ተቀምጧል። ባለቤቴ፣ እኔን እንደዚያ ካዝና ተንከባክበኸኝ አታውቅም ትለኛለች። የአንቺ ፈቃድ አያልቅም፣ የሱ ግን በየጊዜው ይታደሳል እላታለሁ።

ከሁሉ የምኮራው ግን በደብተሬ ነው። አውራጃው በየዓመቱ የአደን ደንብ ያወጣል። የትኛው እንስሳ በየትኛው ወር ይታደናል፣ ወንዱ ብቻ ነው ወይስ ሴቷም፣ ለአንድ ሰው ስንት ይፈቀዳል፣ ሁሉም ተጽፏል። የተጻፈው ግን ጠበቃ እንኳ አንድ መስመር አንብቦ በሚያፋሽግበት እንግሊዝኛ ነው። ያንን ከነዝርዝሩ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር ላይ፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ። ጆሃንስበርግ ውስጥ የሚያድኑት የአገሬ ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሁሉም ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላላካሉ። የማን ሥራ እንደሆነ ግን አይጽፉበትም። እሱም ያናድደኛል።

ወረርሽኙ ሲመጣ ቁም ነገሩ ሁሉ ሥጋ ሆነ። መንግሥት ሰውን ቤቱ ዘጋው። መንገድ ላይ ዘርግተው የሚሸጡት እቃቸውን ጠቀለሉ፣ ወረቀት የሌላቸው ስፓዛዎች ተዘጉ። መሀል ጆሃንስበርግ ሂልብሮው ፎቆች ላይ በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆነው የሚኖሩ የአገራችን ልጆች ነበሩ፤ በሳምንት ውስጥ ጎመንና ሩዝ ብቻ ቀራቸው። ማኅበራችን ዱቄትና ዘይት አከፋፈለ። ሥጋ ግን አልተገኘም።

ሐጂ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሐጂ ከስልጤ የመጣ፣ መሀል ከተማ ትልቅ መጋዘን ያለው አስመጪ ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እሱ ሙስሊም፤ ሃያ ዓመት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። በዕድሜ ስለምበልጠው ጋሼ ይለኛል፣ ስለማይሰማኝ ግን ጥቅም የለውም። እኔ ለሐጂ የነገርኩት ይህን ነበር፤ ከውጭ የሚመጡ አዳኞች በረራ ስለቆመ አልመጡም፤ በዚህ ምክንያት ባለ እርሻዎች ግቢያቸው በኢምፓላ ተጥለቅልቋል። ኢምፓላ ከሚዳቋ ይበልጣል፣ ከአጋዘን ያንሳል፤ በመንጋ ይኖራል፤ በዚህ አገር የብርድ ወራት ሣሩ ሲደርቅ ብዛቱ ለራሱም አይበጀውም። ከጆሃንስበርግ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ርቃ የምትኖር አንዲት ባለ እርሻ ሁለቴ እሷ ዘንድ ስላደንኩ ታውቀኛለች። በአንድ ፈቃድ ሦስት ወንድ፣ በቅናሽ፣ ብላ መልእክት ላከችልኝ። የአውራጃው ፈቃድም የሚለው ይህንኑ ነው። ሦስት ወንድ።

ሐጂ ወዲያው የተናገረው ስለ ቢላዋ ነው። የሂልብሮው ልጆች የቤት ኪራዩ አንድ ላይ አጉሯቸው ሙስሊሙም ጴንጤውም ከአንድ ድስት ይበላሉ። እኛ ጴንጤዎቹ ሙስሊም ያረደውን ብንበላ ግድ የለንም። እነሱ ግን እኔ ያረድኩትን አይነኩም። ኦርቶዶክሶቹ ሁለታችንም ያረድነውን ስለማይበሉ ለብቻቸው ዶሮ ተገዛላቸው። ስለዚህ ተኳሹ እኔ፣ አራጁ ሐጂ ሆነ። ጥይት ሲተኮስ ቢስሚላህ ከተባለ ይበቃል የሚሉ አዋቂዎች እንዳሉ ሐጂ ራሱ ነግሮኛል፤ ነገር ግን ተኳሹ ጴንጤ ነው፣ የሱም ሰዎች በሕይወት ሳለ ቢላዋ ያልደረሰበትን በክት ነው ብለው ይተዋሉ። እንግዲህ እኔ እንስሳውን ጥዬ ነፍሱ ሳትወጣ ማቆየት አለብኝ፣ ሐጂ ደግሞ ሮጦ መድረስ። ልብ መምታት ማንም ይችላል። ይህንን የሚችል ሰው ግን ያሳዩኝ።

ለአደን መጓዝ በተፈቀደ ሰሞን ሄድን። ጠዋቱ ውርጭ ነበር፤ የደረቀው ሣር እንደ ብርጭቆ ከእግራችን ሥር ይሰበራል። ባለ እርሻዋ ዱካ የሚከተልልን አንድ ሠራተኛዋን ሰጠችን። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ዝምተኛ፣ እዚያው እርሻ ውስጥ በተሰጠው ክፍል ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖር ሰው ነው። በዙሉ ስናገረው ደስ አለው፤ ባባ ይለኝ ጀመር። ሐጂ ከኋላችን ነው፤ ማስኩ አገጩ ላይ፣ ቢላዋው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ብብቱ ሥር።

የመጀመሪያውን ከትከሻው ከፍ አድርጌ መታሁት። ወደቀ፤ ተነሣ፤ እሾህ ውስጥ ገባ። ዱካ ተከታዩ ደሙን እያየ ተከተለው፣ እኔ ተከተልኩት፣ ሐጂ ከሆዱ ጋር እየታገለ ሁለታችንንም ተከተለ። ስንደርስ ዓይኑ ደፍርሷል። ሐጂ ተንበርክኮ መዳፉን ደረቱ ላይ አኖረ፤ ቆየ። ከዚያ ምንም ያልነካውን ቢላዋ ሱሪው ላይ ጠረገና፣

«በክት ነው» አለ።

ዱካ ተከታዩ ሥጋው ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩን አስረዳሁት። ሳቀ። ከሞተ ገና ያልቀዘቀዘ እንስሳ ምን ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ካልበላችሁት ልጆቼ ይበሉታል አለ። ውሰደው አልኩት፤ እንደ ባለጸጋ እጄን ዘርግቼ። እስካሁን እጄ የተዘረጋበት ሁኔታ ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

ቀጥሎ የሆነውን ለአንድ ዓመት ያህል ስናገር፣ ሐጂ ነው አይቆጠርም ያለኝ እያልኩ ነበር። ብሏል። «ጋሼ፣ የማይበላ ነገር ማን ይቆጥራል? ሦስት ማለት ሦስት ሥጋ ነው» ብሏል። እውነቱ ግን እሱ አፉን ሳይከፍት ጠመንጃዬ ጎርሶ ነበር። ባደግሁበት አገር በሬው ሳይታረድ ከሞተ እንደ ጠፋ ይቆጠራል እንጂ አረድን አይባልም። እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት፤ ምንም ሳላስብ።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ሦስት በሥርዓቱ ወደቁ። ሐጂ ለሦስቱም ደረሰ፣ በሦስተኛው ላይ እንዲያውም እኔን ቀደመኝ። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ባለ እርሻዋ ማስኳን አድርጋ፣ እጃችን ላይ አልኮል ረጭታ፣ ባኪ የሚሏትን የሐጂን ክፍት የጭነት መኪና ጀርባ አየች። ሦስት ራስ። መዝገቡን ሰጠችኝ። የተገደለ ብዛት በሚለው ሥር ሦስት ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ፊርማዬ የሚያምር ነው፤ ባንክ ቤት እንኳ አድንቀውልኛል።

ሥጋውን ሂልብሮው አደረስን። ብልቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ማንም ሌላ ሰው ኢምፓላን ለአርባ ክፍል ማከፋፈል አይችልም። ሽማግሌዎች መረቁኝ። ለአንድ ሳምንት ከቤት ስወጣ ደረቴ ከፊቴ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ዱካ ተከታዩ ደወለ። ባለ እርሻዋ በክፍሉ በኩል ስታልፍ የሚደርቅ ሥጋ ሸቷት ገባች። በገመድ ላይ የተሰቀለ ቋንጣ፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረ ቆዳ። መዝገቧን አየች፤ ሦስት። ስለዚህ አራተኛውን ሰርቀህ ገድለሃል አለችው። ወር ሳይሞላ ሥራውንም ክፍሉንም እንዲለቅ፣ ቢከራከር ፖሊስ እንደምትጠራ ነገረችው። ሽማግሌው ሰጥቶኝ ነው ቢላት፣ ሽማግሌው ሦስት ብሎ ፈርሟል ብላ መለሰችለት።

«ባባ፣ አንተ ንገራት» አለኝ። «እኔን አታምነኝም። ፊርማህን ነው የምታምነው።»

ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የተናደድኩት በሱ ነው። ሽታ ያለው ነገር መተላለፊያ ላይ የሚሰቅል ምን ዓይነት ሰው ነው አልኩ። ቀጥዬ በሴትዮዋ። ከዚያ በሐጂ፤ ከመኪናዬ ሳልወርድ እየሰደብኩት ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ብስኩት ካርቶን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አልጮህኩም፤ ግን ሠራተኞቹ ዕቃ ማውረድ አቁመው ወጡ። ነገሩ ግልጽ ነበር። አራት ገድያለሁ ብዬ ካመንኩ ከተፈቀደልኝ በላይ ገድያለሁ፣ መዝገብም አበላሽቻለሁ፤ የአደን ፈቃዴ ሊሰረዝ፣ የጠመንጃው ፈቃድ ሊመረመር ይችላል። ዝም ካልኩ ደግሞ ሰውየው ሌባ ተብሎ ሦስት ልጆቹን ይዞ በወረርሽኝ መሀል መንገድ ላይ ይወጣል።

ሐጂ ዘዴ ነበረው። ሰውየውን እኔ ዘንድ አምጣው፣ መጋዘን ሥራ እሰጠዋለሁ አለ።

«ሌባ ተብሎ የወጣ ሰው ነው የምትቀጥረው?»

«እኔ ሌባ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

«አንተ ታውቃለህ። ልጆቹ ምን ያውቃሉ?»

ሐጂ ስልኩን አወጣ። የኔን ደብተር ፎቶ ከፈተና አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «እስቲ የቆሰለው ወይም የሞተው ይቆጠራል የሚል የት አለ? ይኸው ጽሑፍህ። የሚበላውንም የማይበላውንም አላልክ። እኔ እኮ ሕጉን ካንተ ነው ያነበብኩት፣ ጋሼ።»

ስልኩን ተቀብዬ ገጹን ፈለግኩ፤ የለም። ለእኔ ይህ ያልተለመደ ነገር ነው። ቤት ሄጄ ዋናውን የእንግሊዝኛ ደንብ ከመሳቢያ አወጣሁ። ስድስተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። የተመታ እንስሳ ሁሉ፣ ቢገኝም ባይገኝም፣ ቢወሰድም ቢተውም፣ ከተፈቀደው ቁጥር ላይ ይቀነሳል። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በዚያ በቆንጆ የእጅ ጽሑፌ፣ «ለእኛ አያስፈልግም» ተብሎ ተጽፏል። ስተረጉም አንብቤው ነበር። አንብቤ፣ በክትን የሚቆጥር ምን ዓይነት ሞኝ ነው ብዬ፣ ዘልዬው ነበር።

ያን ቀን እራት አልበላሁም። ንዴት ብዙ ጊዜ አውቃለሁ፤ በጉምሩክ፣ በፖሊስ፣ በቤት አከራይ። የሚወረወርበት ሰው አለው። ይህኛው ግን ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል። ባለቤቴ ሳህኑን ከፊቴ ሳታነሳ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ልጆቹ ስንት ናቸው?» አለች።

«ሦስት።»

«እነሱን ቆጥረሃቸዋል እንግዲህ» አለችና ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ጠዋት ከግቢዬ ስወጣ የሐጂ ባኪ ደጄ ላይ ቆሟል። የጎኑን በር ከፈተልኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ነዳ። ከዚያ መንገዱን እያየ፣ «ላንተ ብዬ አይደለም የመጣሁት፤ ቢላዋው የኔ ስለነበር ነው» አለ።

የአውራጃው ድንበር ላይ ወታደሮች ማስክ አድርገው ወረቀት ይፈትሻሉ። ያለ በቂ ምክንያት ማለፍ ክልክል ነበር። ቅጹን ቤት ሞልቼ ነበር የመጣሁት፤ የጉዞ ምክንያት በሚለው ላይ «የተሳሳተ ቁጥር ለማረም» ብዬ ጽፌአለሁ። ወታደሩ ሁለቴ አነበበው፤ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው፤ ሁለቱም ሳቁና አሳለፉን። ለኔ የሚያስቅ አልነበረም።

ባለ እርሻዋ በረንዳ ላይ ተቀበለችን፤ ግቡ አላለችም። ዱካ ተከታዩን አስጠራችው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ደረጃው ሥር ቆመ። አራቱንም የመታሁት እኔ ነኝ አልኳት። የመጀመሪያው የሐጂ ቢላዋ ሳይደርስበት ሞተ፤ ለእኛ ስለማይበላ ለዚህ ሰው ሰጠሁት፤ መዝገቡ ላይ ግን ሦስት ጻፍኩ።

ዋሽተሃል አለችኝ። አልዋሸሁም፣ እኛ በምንቆጥርበት ቆጥሬ ነው አልኳት። በእርሻዋ ላይ ያለው አቆጣጠር አንድ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ እንስሳው ለምን ወዲያው እንዳልሞተ ጠየቀች፤ ከትከሻው ከፍ አድርጌ የመታሁበትን ምክንያት ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። እንስሳ እዚህ እየተሰቃየ እንዲሞት አልፈቅድም አለች። በዚህ ላይ እውነት ነበራት። እውነት ያላት መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

«ስንት ዓመት አብሮሽ ሠራ?» አልኳት ወደ ሰውየው እያመለከትኩ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የምታውቂውን ሰው ትተሽ፣ ሦስት ጊዜ ያየሽኝን ሽማግሌ ፊርማ አመንሽ።»

ሐጂ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ይብቃ ጋሼ» አለ። አልበቃኝም። ሌባ ያልሽውን መልሺው፣ እኔ ፊት፣ ለሱ፣ አልኳት። ሴትዮዋ ወደ ሰውየው ሳትዞር፣ እኔን እያየች፣ መቆየት ይችላል አለች። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እስከ ዛሬ አልወጣም። መዝገቡን አመጣች። ሦስቷን በአንድ መስመር ሰርዤ ከጎኗ አራት ብዬ ጻፍኩና እንደገና ፈረምኩ። ሁለተኛው ፊርማዬ እንደ መጀመሪያው አላማረም፤ ብርዱ ነው። ገጹን ፎቶ አንስታ እዚያው ቆመን ሳለ ለአውራጃው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ላከችው።

ስንወጣ ዱካ ተከታዩ እስከ መኪናው ሸኘን። ንግያቦንጋ፣ አመሰግናለሁ፣ አለኝ፤ ከዚያም በዝቅተኛ ድምፅ፣ ቆዳውን ወስዳብኛለች አለ። ልመለስ ስል ሐጂ ክንዴን ይዞ መኪና ውስጥ አስገባኝ።

መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቅጣት ከፈልኩ፤ ለሁለት ዓመት የአደን ፈቃድ አልሰጥህም አለ። የአዳኞች ክበብም ከአባልነት ሰረዘኝ፤ ከአገራችን ሰው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ አባሉ። በሁለተኛው የወረርሽኝ ዓመት የሂልብሮው ልጆች ጋሼ ዘንድሮስ ሲሉኝ መልሴ አንድ ነበር፤ ፈቃድ የለኝም። የተስተካከለውን የደብተሬን ገጽ ለሁሉም ስልክ በላኩ ጊዜ ደግሞ አንዱ ወጣት ነጋዴ፣ በእንግሊዝኛ እየቀላቀለ፣ ጋሼም ሶሪ ይላል እንዴ ብሎ በድምፅ ላከልኝ። እሱ በሕይወቱ አንድ ገጽ አልተረጎመም።

እንግዲህ ሰው ስለኔ ሲያወራ ይህን ይዞ ያውራ።

ያለ አስተማሪ አራት ቋንቋ ተማርኩ፤ የራሴን ሳልቆጥር ሦስት።

የጠመንጃ ፈተናውን በመጀመሪያው አለፍኩ።

የአደን ደንቡን ሙሉውን ወደ አማርኛ መለስኩ። ስድስተኛው ገጽ አሁን አለበት፤ በቀይ ቀለም ነው የጻፍኩት፣ ስሜንም ከሥሩ አስቀምጫለሁ።

በወረርሽኙ ጊዜ ሦስት ኢምፓላ ለአርባ ክፍል ሰው አደረስኩ፣ ሙስሊሙም ጴንጤውም ሳይጣላ ከአንድ ድስት በላ።

ጠመንጃዬ አሁንም ካዝናው ውስጥ ነው፤ ፈቃዱን በጊዜው አሳድሼዋለሁ።

ከሐጂ ላይ ወቀሳዬን አንስቻለሁ፤ በቃል ሳይሆን ምሳ ጋብዤው ነው፣ ገብቶታል።

ለዱካ ተከታዩ ልጆች የኢምፓላ ቆዳ ላክሁ፤ ከገበያ የገዛሁት ነው፣ ሴትዮዋ የወሰደችውን የሚያክል።

እሱ አሁንም እዚያው እርሻ ላይ ይሠራል። መዝገቡ ላይም አራት ነው የሚለው።